ማንም ያልሰማው ካሴት

«አውራ ዶሮውስ?» ይላል እንዳላማው፣ በሩን ከውስጥ እየቀረቀረ።

«ጎረቤቴ አይናለም ጓሮ አስሬዋለሁ።» ወይዘሮ ወለተ ሰንበት መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። «ውሻውንም አደራ ብያታለሁ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔንም ታስረኝ እንደሆን እንጃ።»

«እርስዎ ድምፅ ብቻ አያሰሙብኝ፣ እማማ። ሳል ቢመጣብዎት እንኳ…»

«እውጠዋለሁ።»

እንዳላማው አይስቅም። ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ ድረስ ጉልበቱ ላይ ታቅፎት የመጣው መቅጃ ማሽን ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የቀረው የወይዘሮዋ አሮጌ ቴፕ ነው፤ በስድስት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ስልኩን ከቴፑ ፊት በጣሳ አስደግፎ አቁሞታል። እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የሚተነፈሰው ሁሉ አብሮ ይቀዳል።

ካሴቱ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ አይደለም። ክሩ ደርቆ የሽንኩርት ልጣጭ መስሏል። ቅድም በእስክሪብቶ ሲያጠነጥነው ሁለቴ ሊበጠስበት ነበር።

ዘመናይ ለቅሶ ላይ ግጥም የምታወርድ ሴት ነበረች። ከተማ ወስደው ሊቀዷት ቢለምኗት «በሰው ሬሳ አልነግድም» ብላ መለሰቻቸው ይባላል። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በወይዘሮ ወለተ ሰንበት ወንድም በአምባዬ ለቅሶ ላይ፣ አንድ ዘመድ ለሰርግ በገዛው ቴፕ ደብቆ ቀዳት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። በዓለም ላይ የቀረው ድምጿ ይኸው ነው።

እንዳላማው ብርቅዬ ቅጂ የሚያሳድድ የቴሌግራም ቡድን አለው፤ አሥራ ሰባት አባላት። አሥራ ስምንተኛ ሲመጣ ፊታቸው ይጠቁራል። አራት ሰው የሰማውን ዜማ እንደተላሰ ማንኪያ ይጸየፉታል። ባለፈው ሳምንት የደምበጫው ሙላት «ካሴቱ ተረት ነው፤ የተረቱም አባት እንዳላማው» ብሎ ጻፈ፤ የቀሩት አሥራ አምስቱ ሳቁ። ዛሬ ባዶ እጁን ከተመለሰ ያንን ሳቅ ዕድሜ ልኩን ይሰማዋል።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ግን እንዴት አልሰሙትም?»

«ብቻዬን ለቅሶ ልቀመጥ?»

የስልኩን መቅጃ ያስነሳል። የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ጥራት ነዋ። ማጫወቻውን ይጫናል።

መጀመሪያ ሽሽ የሚል የክር ድምፅ። ቀጥሎ የመቶ ሰው ዋይታ ከጭቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተላትሞ ደጅ ይወጣል፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት። ቀጥሎ እሷ።

*ቀንበሩ ሳይወርድ፣ በሬው ሳይፈታ፣*
*የት ገባ አምባዬ የእርሻው አለኝታ።*

የእንዳላማው ክንድ ጠጉሩ ይቆማል። የሴትዮዋ ድምፅ እንደ ችጋር ቀጭን ነው፤ ግን አይሰበርም። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ደጅ የሩጫ ኮቴ። በሩ ይንኳኳል።

«ወለተ ሰንበት! ኧረ ማን ሞቶብሽ ነው?»

እንዳላማው በእግሩ ጣት ሄዶ በሩን በጀርባው ይደግፋል።

«ተቀርቅሯል! ኧረ ምነው አትመልስም?»

«ወይኔ ጉዴ፣ የሞተችው እሷው ናት!» ይህ የአይናለም ድምፅ ነው። «ቅድም ዶሮዋን አምጥታ አስራ፣ ውሻዋን አደራ ብላኝ ሄደች! ታውቋት ነው! እኔ ደንቆሮዋ ምን ገባኝ!»

ደጅ አዲስ ለቅሶ ይፈነዳል። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ነጠላውን ከአፋቸው ያወጣሉ።

«ክፈት፣ ልጄ።»

እንዳላማው አራት ጣቱን ያሳያል። አራት ደቂቃ። ዓይኑ ይለምናል።

«በቁሜ እየተለቀሰልኝ ነው እኮ! ደሞስ ለቅሶ የመጣ ሰው ላይ በር ይዘጋል? የምን እርኩሰት ነው?» ይነሳሉ። አንድ እጃቸውን ደረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ግፊቱ የሕፃን ግፊት ነው፤ እሱ ግን ከበሩ ላይ ይነሳል።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰባት ስምንት ሴቶች ይገባሉ። አይናለም ሟቿን ቆማ ስታያት ዋይታዋ አፏ ላይ ይቀራል።

«አንቺ! አለሽ እንዴ?»

«አለሁ። ዝም በይና ስሚ።»

አይናለም ትሰማለች። ፊቷ ቀስ እያለ ይለወጣል። «ዘመናይ…» ትላለች። «የአምባዬ ለቅሶ!»

መሬት ላይ ዘፍ ትላለች፤ ሌሎቹም። አንዷ ስልኩ እንዳይረገጥ ብላ አንስታ መደቡ ላይ ትደፋዋለች፤ ጋቢዋንም ትጥልበታለች። እንዳላማው እጁን ይዘረጋል፤ የሰው ትከሻ መሐል አያሳልፈውም። ዘመናይ አንዱን ስንኝ ታወርዳለች፤ ሴቶቹ እሷ ሳትደርስበት ሁለተኛውን ይሉታል። ደግሞ ታወርዳለች። ደግሞ ይቀድሟታል። የትኛዋም ለአፍታ አትሳሳትም።

*ሮብ ገበያ ውሎ ሰው ሁሉ ሲመለስ፣*

ቴፑ ይንተባተባል። ክሩ ተጠቅልሎ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ቷ ብሎ ይበጠሳል።

እንዳላማው ዓይኑን ይጨፍናል። ዘመናይ ከእንግዲህ የለችም።

ጸጥታው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አይቆይም። አይናለም ደረቷን እየመታች፣ ካሴቱ ከተበጠሰበት፣ በዚያው ዜማ ትቀጥላለች፦

*እህትህ እራት ይዛ ቆማለችና ድረስ።*

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት አርባ ዓመት የያዙትን ለቅሶ ይለቁታል። ሌላዋ ሴት ተቀብላ ቀጣዩን ታወርዳለች። ከዚያ ሌላዋ። ቤቱ ውስጥ ግጥሙን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም በሩ ሥር ቆሞ፣ ግማሽ ቃል ወደ ኋላ እየቀረ፣ ከንፈሩን ከሴቶቹ ጋር ለማንቀሳቀስ ይሞክራል።