የትናንቷ እርማት

ጡረታ የወጡት መምህር አሥራ አንድ ዓመት የደከሙበትን መዝገበ ቃላት የያዘው ኮምፒውተር ጠዋት አልነሳ ሲላቸው፣ ልባቸው እንደተሰቀለ ልጃቸው ቢሮ ደረሱ። ልጃቸው የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች።

«አይዞህ አባዬ፤ ኮምፒውተርህ በየቀኑ አዲስ የነካካኸውን ብቻ እየለየ በኔትወርክ እዚህ ሰርቨር፣ የቢሮው ማስቀመጫ ኮምፒውተር ላይ እንዲገለብጥ አድርጌዋለሁ» አለችና ፋይሉን ከፈተችላቸው።

መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ ዞር ብለውም አላዩት። ትናንት ከሰዓት ያረሟትን አንዲት ቃል አሳይኝ አሏት። ቃሏ ከነእርማቷ ቁጭ ብላለች። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

በዚህ መሃል የልጅቷ አለቃ ገባና በትኩረት አያቸው። «መምህር ነዎት አይደል?» አላቸው። የከተማው ግማሽ ሰው የሚያውቃቸው በመምህርነታቸው ነበር።

እሳቸው ብድግ ብለው ኮታቸውን አስተካከሉና፣ «ዛሬስ የሷ አባት ነኝ» አሉት።