በማርሾቹ መሀል ያለችው ሞላ

ከፓተንት መሥሪያ ቤቱ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ገብረወልድ አየር ጤና ካለው ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ማሽኑ ለፓተንት ከመቅረቡ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት በቪዲዮ ለሕዝብ ታይቷል፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ፈጠራ ሊመዘገብ አይችልም ይላል። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም የኢንተርኔት አድራሻ ተጽፏል። የገብረወልድ ስልክ ግን ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ሥራ አታውቅም።

«ሚሊዮን!» አለ ወዲያው።

ሌላ ማን አለ? ሚሊዮን ፊት ለፊት ካለው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከገብረወልድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስድስት ዓመት ከቤተሰቡ እኩል በልቷል። ነገሩንም የጀመረው እሱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን ይቆማል፣ የበሽተኛው ደም ይበላሻል እያለ ሲያማርር፣ ገብረወልድ ቀራንዮ ካለ ቁራሌ አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። በእጅ የሚሽከረከር ሊሠራ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀበት። እጅ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይደክማል፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጥና ብልቃጡን ይሰብረዋል። በመጨረሻ በሁለቱ ማርሾች መሀል አንዲት ሞላ አስገባ። ሞላዋ የእጁን መወላወል ዋጠችው፣ ብልቃጡም ጸጥ ብሎ ዞረ። ነገሩ ያ ብቻ ነበር። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለ አንድ ፋብሪካ ባለቤት አይቶ፣ «የፓተንቱን ወረቀት ብቻ አምጣልኝ፣ ለየጤና ጣቢያው አመርተዋለሁ» አለው።

የመጀመሪያዋ ማሽን እንኳ አሁን የለችም። ሚስቱ አስካለማርያም ለምናው ወስዳታለች፤ እሱም ሁለተኛዋን፣ የተሻለችዋን እየሠራ ስለነበር መደርደሪያው በመለቀቁ ደስ አለው። አስካለማርያም ሁለቱን ዓመት አብራው የደከመች ሴት ናት። ሙከራው በከሸፈ ቁጥር ትጾም ነበር። በዓል ሲመጣ እሷ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ እሱ ቶርኖው ላይ ይቀራል። አሠራሩ እንዲገባት «ጻፍልኝ» ብላው በደብተር ወረቀት ከነሥዕሉ ጽፎላታል። ስንት ሚስት ናት የባሏን ማርሽ ጥርስ የምትቆጥር?

ሚሊዮን ግን ማሽኑ ሲዞር በስልኩ ቀርጿል። ገብረወልድ በዓይኑ አይቷል። ደብዳቤውን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ።

«ቀርጸሃል አልቀረጽክም?»

«ቀርጫለሁ ጋሽ ገብሬ። ለማንም አልላክሁትም እንጂ።»

«ታዲያ ነፋስ ነው የላከው?»

ሚሊዮን ደብዳቤውን ተቀብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። «እስቲ አድራሻውን ከፍቼ ልየው» አለ።

«የሠራኸውን ሥራ ምን ታየዋለህ!»

በማግስቱ እሁድ ነበር። ምሳ ቀርቦ ሳለ ሚሊዮን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ገብሬ። አጥፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይፈልጉት።»

አስካለማርያም ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። «ስድስት ዓመት ከዚህ ትሪ በልተህ? ምን በደልንህ? ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ!»

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ብቻ አይዘኑ» አለ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ገብረወልድ ሊመታው ተነሳ። ልጄ ብሎ ያቀረበውን ሰው እንዴት ይምታ? ተመልሶ ተቀመጠ። ሚሊዮን በሳምንቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ገብረወልድ በንዴት ለክሊኒኩ አውሶት የነበረውን ሁለተኛውን ማሽን አስመለሰ፤ መብራት የጠፋ ዕለት በሽተኞቹ ነገ ኑ ተብለው ሲመለሱ በበሩ ቀዳዳ ያይ ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ስልክ ማንሳት ተወ። ጠበቃ ቢያማክር ምንም ማድረግ አይቻልም አለው። ቶርኖው ቆመ፤ ገብረወልድ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይውላል። ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር አልታየውም።

«ምን ያስቀምጥሃል?» አለችው አስካለማርያም አንድ ቀን። «ሌባው በአፉ አምኗል። ሂድና ንገራቸው፣ እውነት ተቀብሮ አይቀርም።»

ሄደ። በፓተንት መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን የመረመረችው ባለሙያ ሸዋገነት ትባላለች፤ ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አዝናለሁ አባቴ» አለች። «ዓመት ባይሞላው ኖሮ በሕጉ እናልፈው ነበር። ግን የሚሉት ሚሊዮን ማን ነው? ቪዲዮውን ያወጣው እንደዚያ የሚባል ሰው አይደለም።»

«አጥፍቶታል እኮ!»

«ኧረ አልጠፋም፣ ዛሬም አለ። እርስዎ አይተውታል?»

«አላየሁም» አለ ገብረወልድ።

ሸዋገነት የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሱ አዞረችው።

በንግሥ ቀን፣ ነጭ በለበሰው ሕዝብ መሀል፣ አስካለማርያም የመጀመሪያዋን ማሽን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እያለቀሰች ቆማለች፤ ካህኑ ስለቷን ከደብተር ወረቀት ላይ በድምፅ ማጉያ ያነባሉ፤ «በሁለቱ ማርሾች መሀል ሞላ አለች፣ የእጅን መወላወል የምትውጠው እሷ ናት» ሲሉ ሕዝቡ እልል አለ።