ዘጠነኛው ቀን በባሕር ላይ

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ» ይላሉ አቶ እሸቱ፣ በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ትከሻቸው ላይ አንድ ካርቶን የታሸገ ውኃ ተሸክመዋል።

ሩሃማ መንገድ ትለቅላቸዋለች። ካርቶኑን ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ።

«ጋሼ፣ አክስቴ አልሞተችም።»

«እሑድ ለቄሱ የክርስትና ስሟን ሰጥተሽ የለም እንዴ?»

«ለጸሎት ነው እኮ። ባሕር ላይ ናት።»

አቶ እሸቱ ኮታቸውን ለማውለቅ ይጀምሩና ይተዉታል። «እኔ ደግሞ ለፍትሐት መስሎኝ! ለስንቱ ሰው ደወልኩ መሰለሽ። የሰፈራችን፣ የክሬሰንት ታውን ሐበሻ ግማሹ እየመጣልሽ ነው።»

ሩሃማ ልትስቅ ትሞክራለች፤ አይሆንላትም። አክስቷ ጽጌ ሃያ ዓመት የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ ኖራ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ መንዳት ተማረች። አሁን ከጓደኛዋ ከማያ ጋር በፓሲፊክ ላይ ከደሴት ደሴት እየተጓዘች ነው፤ ሁለት ሴቶች፣ በአሥር ሜትር ጀልባ። ዘመድ «አብዳለች» ሲል፣ ሩሃማ ካርታ ገዝታ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከማርኬሳስ ደሴቶች እስከ ቱአሞቱ ደሴቶች አምስት ቀን ይበቃል ተብሎ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ዘጠነኛው ቀን ነው። ከሁለተኛው ቀን ወዲህ ወሬ የለም።

አቶ እሸቱ ካርታው ፊት ቆመው መነጽራቸውን ያወጣሉ።

«መጨረሻ የጻፈችው ምን ይላል?»

ሩሃማ በቃሏ ይዛዋለች። «ነፋሱ ጥሎን ሄደ። ሸራው እንደ ታጠበ አንሶላ ተንጠልጥሏል። ባሕሩ ከመርጋቱ የተነሳ ኮከቦቹ ከታችም አሉ።» ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «የስንብት ይመስላል፣ ጋሼ።»

«የምን ስንብት! የአየሩን ሁኔታ ነው የነገረችሽ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ እንዲህ ያለ ባሕር ስድስት ቀን አስሮናል። እርሳስ ስጪኝ እስቲ።»

ሩሃማ አቶ እሸቱን የምታውቃቸው ብሉር ጎዳና አጠገብ ከሚሠሩበት መኪና ማቆሚያ ነው። ምጽዋን አንስተው አያውቁም።

«ራዲዮውስ?»

«ባትሪ ይበላል ብላኛለች።»

«እንግዲያው ባትሪውን ከወሬ ይልቅ ለመብራት ቆጥባለች፤ በጨለማ ትልቅ መርከብ እንዳይወጣባቸው። ጎበዝ ናት!»

በጣታቸው ካርታውን እየለኩ፣ በከንፈራቸው እየቆጠሩ ይሄዳሉ። ባዶው ሰማያዊ መሐል ትንሽ ነጥብ ያኖራሉ። «እዚህ ናቸው። ቅዳሜ ይገባሉ።» ከዚያ ነጥቧን ያያሉ። «ሁለት ሴቶች ብቻ? እኛ መቶ ወንድ ነበርን፤ ያውም እያለቀስን።»

በሩ ይንኳኳል። አቶ እሸቱ ቀድመዋት ይከፍታሉ። «ግቡ፣ ግቡ! ለቅሶ የለም። ኑና ያለችበትን እዩ።»

ቅዳሜ ምንም አልመጣም። እሑድ ጠዋት የአክስቷ ኢሜይል ገባ፦ «ደረስን።» ሩሃማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በር ላይ ለቆሙት አቶ እሸቱ ስልኳን ሰጠቻቸው። ሁለቴ አነበቡት።

«በአንድ ቀን ስቻለሁ» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።