የውሸት ለቅሶ

የዶክትሬት ተማሪዋ በመጫወቻው መዶሻ ጣቷን የመታች አስመስላ «ወይኔ!» ብላ እጇን አራገበች። ጥናቷ ሕፃናት የሰው ሕመም ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ነበርና፣ ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ጀርባ አማካሪ ፕሮፌሰሯ በካሜራ ይቀርጹ ነበር። ለጥናቱ የመጣችው የአራት ዓመት ልጅ ግን ከመጫወቻዎቿ ቀና ብላ፣ «ውሸትሽን ነው! የእውነት ቢያምሽ ‹እማዬ!› ትዪ ነበር» አለቻት።

ተማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ምንም ፊቷን አኮሳትራ «እማዬ!» አለች። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ ሲል አንገቷን ደፋች። ፕሮፌሰሩ ካሜራውን አጠፉት።

ልጅቷ ጨዋታዋን ትታ መጣችና በእጅጌዋ ጉንጯን ጠረገችላት።

«እማዬሽ የለችም እንዴ?»

ተማሪዋ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«በቃ፣ አይዞሽ፤ የኔን ልጥራልሽ» አለችና ወደ በሩ ሮጠች።