የቀንድ አውጣው አያት

ተመራማሪዋ የብልቃጡን ክዳን ጠበቅ አድርጋ የምዝገባው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከውቅያኖስ ወለል የወጣውን ነጭ ቀንድ አውጣ ስድስት ዓመት አጥንታዋለች፤ የአዲሱ ዝርያ መግለጫ ዛሬ ማኅተም ካላገኘ ሌሎች ቀድመው በስማቸው ያስመዘግቡታል።

ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጡት መዝጋቢ ወይዘሮ ብዙነሽ ቅጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ስም አለ፣ የአባት ስም አለ። የአያቱስ?"

"እትዬ፣ ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ብቻ ነው።"

"የኔ እመቤት፣ እኔም ሦስት ነው የሞላሁት። እሱ ማን ስለሆነ ነው የሚቀርለት?"

ብትለምንም ብትከራከርም አልሆነም። በመጨረሻ ባዶው ቦታ ላይ የራሷን አያት ስም "ወርዶፋ" ብላ ጻፈች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ማኅተሙን አነሱና የአመልካቿን ስም ሲያዩ መልሰው አስቀመጡት። "አንቺም ወርዶፋ ነሽ? ዘመድሽ ነዋ። የዘመድ መግለጫ መጻፍ ክልክል ነው።"

"ታዲያ ማን ይጻፈው?"

"እኔ አልዛመደውም" አሉና መነጽራቸውን አድርገው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱት። የተመራማሪዋን አርባ ገጽ መግለጫ ገፋ አድርገው ጻፉ፦ "ነጭ ነው። ዓይን የለውም። ጠባዩ ጸጥተኛ ነው።"

"መግለጫውን ያዘጋጀው" በሚለው መስመር ላይ ፈረሙ፤ ማኅተሙን መቱና ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

"ቀጣይ።"