ደጃፌ ላይ የቆመው ድምፅ

አባባ ለምን ወደ ክፍሌ መምጣት ተዉ? አራት ቀን ሙሉ ራሴን የጠየቅኩት ይህንን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቻይና፣ ሃርቢን ከተማ ተምሬ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል፤ ቀኑን የምገፋው በኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ነው። አዲሱን የድምፅ ካርድ ኮምፒውተሬ ላይ የገጠምኩትም ለዚያ ነው። የዘንድሮ ካርዶች ጆሮን ስል ያደርጋሉ፤ በምትኩ ግን ጆሮ አንድ የቆየ ድምፅ ለዘለዓለም ይለቃል፤ ያንን ድምፅ ዳግም አይሰማም። ማዳመጫውን ሳጠልቅ ካርዱ የቤታችንን ድምፆች ዘረዘረልኝ፤ የውሃ ፓምፑ፣ የእህቴ የትርሲት ሳቅ፣ የአባባ ጉሮሮ ጠረጋ። የመጨረሻውን መረጥኩ። በሩን በማንኳኳት ፈንታ ቆመው “እህ፣ እህ” ማለታቸው ያበሳጨኝ ነበር።

ወዲያው ጨዋታው ውስጥ ጠላት ከሦስት ክፍል ማዶ ጠጠር ሲረግጥ ሰማሁ።

ዛሬ ከሰዓት ትርሲት ገብታ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቀችው።

“አባባ ሐረር ወንድማቸው ጋ ሄዱ። አንተ ጌታው፣ ተጫወት።”

“ለምን ሄዱ?”

“ለምን ይለኛል እንዴ! በየቀኑ በርህ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንድ ቀን እንኳ ‘ይግቡ’ አላልክም። ‘ልጁ አልፈለገኝም’ ብለው ነው የሄዱት።”

“ማዳመጫ አድርጌ ነው።”

“ትናንት አላደረግክም። አይቼሃለሁ።”

ካርዱን ነቀልኩት። ካርቶኑ ላይ ግን የተለቀቀ ድምፅ እንደማይመለስ ተጽፏል። ለአባባ መልእክት ላክሁ፦ “አባባ፣ ይመለሱ። ከእንግዲህ ጉሮሮዎን ሳይጠርጉ ዝም ብለው ይግቡ።”

መልእክቱ ተነብቧል። አባባ ግን በሕይወታቸው የማንንም ደጃፍ በጉሮሮ ጠረጋ ሳያስታውቁ አልፈው አያውቁም።