የአበባዋ ስም

በላይነህ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የመኝታ ቤቱን በር ይዟል። ከበሩ ወዲያ አክስቱ እትዬ ከበቡሽ በትከሻቸው ይገፋሉ። ስልኩ ላይ ደግሞ እህቱ ሮማን ትስቃለች። የምትማርበት የሀንጋሪ ዩኒቨርሲቲ ለእሑድ ተማሪዎቹን ጥንታዊ ከተሞች ሊያስጎበኝ በአውቶቡስ ይዟቸው ወጥቷል።

«ግንቡን አየኸው? አራት መቶ ዓመቱ ነው አሉ! አሁን አትክልቱ ውስጥ ነን። አባዬን አቅርብልኝማ፣ የዚችን አበባ ስም ይንገረኝ።»

«ተኝቷል» አለ በላይነህ።

መተኛትስ ተኝተዋል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ሠላሳ ዓመት አበባ ሲኮተኩቱ የኖሩት አቶ ዓለማየሁ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ድንኳኑም ደጃፍ ላይ እንደተተከለ ነው። ሊሞቱ ሲሉ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው «ሐሙስ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግራት» ብለውታል። የአባት ኑዛዜ ነው፤ ምን ይደረግ!

በሩ ተበረገደ፤ በላይነህ ድምፅ እንዳያልፍ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልጁ ትሳቅ? መርዶዋን እኔው እነግራታለሁ!»

እትዬ ከበቡሽ ስልኩ ላይ ተወረወሩ። በላይነህ ስልኩን አልጋው ላይ ደፍቶ አፋቸውን በመዳፉ ከደነ። ነከሱት። ጥርሳቸው ሥጋውን ሰርስሮ ሲገባ ደሙ ፈላና ገፈተራቸው። ወይ ጉድ! እናቱ ከሞተች ወዲህ ከጡት በቀር ሁሉን ሰጥተው ያሳደጉትን አክስቱን ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተማቸው። መስተዋቱ ረገፈ። ተነሥተው ፊቱን ቧጨሩት። እሱም ጉሮሯቸውን አነቀ።

«በሌ! ምንድነው የሚሰበረው? ኧረ ተናገሩ!» ትላለች ሮማን ከአልጋው ላይ።

ድምጿን ሲሰማ እጁ ላላ። ምን እያደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። እትዬ ከበቡሽ ግን ፋታ አልሰጡትም፤ ስልኩን ላፍ አደረጉት።

ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፤ ደሙ በአገጫቸው ይወርዳል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሮማን ከቀያዮቹ አበቦች መሃል ትኩር ብላ ታያቸዋለች። ዓይኗ ቁርጥ የወንድማቸው ነው። ያ ሁሉ ወኔ ከዳቸው።

«ወድቄ ነው ልጄ» አሉ። «ምንም አልሆንኩም። አባትሽም... ተኝቷል።»

 በላይነህ የተነከሰ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

ሮማን ስለ ደሙ አልጠየቀችም። ዓይኗ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ነጠላዎን ለምን አዘቀዘቁት?»

እትዬ ከበቡሽ ጎንበስ ብለው አዩት። ለካ ለሐዘን እንደለበሱት ጥለቱ አንገታቸው ሥር ነው። ሊገለብጡት ታገሉ፤ ጥለቱን ደም በደም አደረጉት እንጂ አልገለበጡትም።

«እንግዲህ» አለች ሮማን፣ «የአበባዋን ስም ማንን ልጠይቅ?»